ማህተሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ለጥፉልን

በዚህ ቻናል ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የመሥሪያ ቤት ገጽ የምትመሩ፣ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል የምትሠሩ ወይም የራሳችሁን ንግድ በስልካችሁ የምታስተዋውቁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ አንድ ልማድ ላውራችሁ፦ ማስታወቂያን በደብዳቤ ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ማህተም አስመትቶ፣ ስካን አድርጎ በፎቶ ስለ መልቀቅ።

እኔም ለዓመታት ያደረግኩት ነው። በፊት እሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት ለሁለት ቀን አገልግሎት ሊያቋርጥ ሆነ። ሐሙስ ረቂቁን ጻፍኩ። ለፊርማ ገባ፣ ወጣ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጠው፣ ቲተርና ማህተም አረፈበት። ፎቶውን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የለቀቅነው ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። አንድ አባት ስልካቸውን አውጥተው «ልጄ፣ መልእክቱማ ደርሶኛል፤ ግን ፊደሉ ደቆብኝ ማንበብ አልቻልኩም» አሉኝ። ተቀብዬ ላሰፋላቸው ሞከርኩ። ባሰፋሁት ቁጥር ይበልጥ ይደበዝዛል። በዚያው ቀን አንድ ዓይነ ስውር ደንበኛችን የላከልን የድምፅ መልእክት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ስልኬ ‹ፎቶ› ብሎኝ ዝም አለ። አጠገቤ የሚያነብልኝ ሰው የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይነ ስውራን ስልክ ላይ የሚጠቀሙት ድምፅ አንባቢ የሚያነበው ፊደል ሆኖ የተጻፈውን ነው። ስካን የተደረገ ደብዳቤ ለእኛ ጽሑፍ ቢመስለንም ለአንባቢው የአበባ ፎቶ ከመሆን አይለይም። ለፍለጋም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቻናላችሁ ውስጥ ገብቶ «ምዝገባ» ብሎ ቢፈልግ በፎቶ ውስጥ ያለው ቃል አይወጣለትም። የስልክ ቁጥሩን ነክቶ መደወል፣ የሂሳብ ቁጥሩን ኮፒ ማድረግ አይችልም። አሥራ ሦስት አሃዝ ከፎቶ ላይ እያየ በእጁ ሲጽፍ አንዱን ቢስት ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ይህን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መልስ «ማህተም ከሌለው ማን ያምነናል?» የሚል ነው። ይገባኛል፤ በአገራችን ማህተም የሌለበት ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጠርም። ነገር ግን ስልክ ላይ ማህተም ሥዕል ነው። ከአንድ ደብዳቤ ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ተቋማት ሐሰተኛ ደብዳቤዎችን እያነሱ «ይህ የእኛ አይደለም» ሲሉ በየጊዜው የምናየውም ለዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ እምነት የሚሰጠው ምንጩ ነው። አንድን ፖስት ከቻናሉ ፎርዋርድ ስታደርጉት የቻናሉ ስም ከላይ አብሮ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ስሙን ሲነካው ዋናው ፖስት ላይ ይደርሳል። ፎቶውን አውርዶ እንደ አዲስ የላከው ሰው ግን ያንን ክር ይበጥሰዋል። ስለዚህ ትክክለኛውን የቻናል አድራሻ በደረሰኛችሁ ላይ አትሙት፣ በራችሁ ላይ ለጥፉት። ደንበኛው ከዚያ ውጭ የመጣውን እንዲጠረጥር አስተምሩት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፖስቱን ብታርሙት፣ ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይታረምም። ስሕተት ካለ በዝምታ ከማረም ይልቅ «ማስተካከያ» ብላችሁ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ አዲስ ፖስት ልቀቁ።

ፍጥነትም አለ። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ሲፈጠር፣ በሂሳብ ካለ ገንዘብ በላይ ማውጣት ይቻላል የሚለው ወሬ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ የተዛመተው በስልክ ጥሪና በመልእክት መላላኪያዎች ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሱ። ወሬ ፊርማ አይጠብቅም። የእናንተ ማስታወቂያ በሦስት ጠረጴዛ ካለፈ፣ ሌሊት ላይ ችግር ቢፈጠር ሰው የሚያምነው ጓደኛው የላከለትን ነው። ከኃላፊዎቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ቁጭ በሉና ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ተስማሙባቸው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንንም ሳይቀሰቅስ የሚለጥፋቸው ሰው ማን እንደሆነም ወስኑ። እኔ በሥራ ዘመኔ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

አጭር የስልክ መልእክትንም አትርሱት። የካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ሲዘጉ እገዳው የተነሣው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን የሌለውን ደንበኛ የሚያገኘው ኤስኤምኤስ ነበር። ብዙ ድርጅቶች ኤስኤምኤስን በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ይልካሉ፤ ምክንያቱም አንድ መልእክት በላቲን 160፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ስለሚይዝ ነው። ሒሳቡ ግን እንደሚመስለው አይደለም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይሸከማል። ይህችን እዩ፦ «ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነን። ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 እንከፍታለን።» ከነባዶ ቦታዋና ከነነጥቧ 37 ናት። ደንበኛውን በባዕድ ፊደል ማስጨነቅ ለምን አስፈለገ?

«ከጠዋቱ» የምትለውም ቃል ሥራ አላት። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወገናችን «2፡30» ብቻ ካነበበ በየትኛው አቆጣጠር ይቁጠረው? ውጭ አገር ደንበኛ ካላችሁ «በኢትዮጵያ ሰዓት» በሉ፤ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉት።

ደብዳቤውን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ለመዝገብ፣ ለኦዲት፣ ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል። ፎቶውን ልቀቁት፤ ከሥሩ ግን ቃሉን ጻፉበት። ቴሌግራም ከፎቶ ጋር እስከ 1,024 ፊደል ይፈቅዳል፤ ይህ ከአብዛኛው ደብዳቤያችን ፍሬ ነገር ይበልጣል። መጀመሪያ ምን እንደሚሆን፣ ቀጥሎ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ ደንበኛው ምን ማድረግ እንዳለበት። «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው በደብዳቤው ላይ ይቅር።

አሁኑኑ የመሥሪያ ቤታችሁን ቻናል ክፈቱ። የመጨረሻው ማስታወቂያ ባዶ ፎቶ ከሆነ፣ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉበት። ያን የድምፅ መልእክት የላከልን ሰው እናንተም ጋ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።