ዳኛው ለጁሪ የሚሰጠው ቃልና የይግባኝ መብት

ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያመራ ነጋዴ የጉምሩኩንና የመጋዘኑን ደንብ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን ድንበር ሲሻገሩ የሚለወጠው ገንዘቡና ቀረጡ ብቻ አይደለም፤ የፍርዱም ልማድ ይለወጣል። ስለዚህ ነጋዴም ሆነ ሹም፥ በሰው አገር በወንጀል ብከሰስና ዳኛው ቢሳሳት፥ ስሕተቱ በምን ይታወቃል? ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

በእንግሊዝ አገር በከባድ ወንጀል የተከሰሰውን ሰው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ከሕዝብ በዕጣ የሚመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ጁሪ ይባላሉ። ሕግ የተማሩ ስላይደሉ ዳኛው በግልጥ ችሎት ሕጉን ያስረዳቸዋል። እነርሱ ግን ምክንያታቸውን አይገልጡም። የጁሪን ልብ መርምሮ ይግባኝ ማለት ስለማይቻል፥ የተፈረደበት ሰው የሚይዘው የዳኛውን ቃል ነው። ይህንንም በር የከፈተው በ1907 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀል ይግባኝ ሕግ ነው።

በዚህ በር ከዳኑት አንዱ ሬጂናልድ ዉልሚንግተን የተባለው የ21 ዓመት የእርሻ ሠራተኛ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ሚስቱ በጠመንጃው ተመትታ ሞተች፤ እርሱም ጥይቱ ሳያስበው እንደ ባረቀ ተናገረ። የመጀመሪያው ጁሪ ሊስማማ አልቻለም። በሁለተኛው ችሎት ግን ዳኛው፥ መግደሉ ከታወቀ ዘንድ ነፍስ ገዳይ አለመሆኑን ማስረዳት የተከሳሹ ዕዳ ነው ብሎ ለጁሪ ነገረ። ሞት ተፈረደበት። የመጀመሪያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ ፍትሕ አልተጓደለም ብሎ አቤቱታውን ጣለው። በ1935 እ.ኤ.አ. ግን የጌቶች ምክር ቤት፥ ጥፋትን ማስረዳት የከሳሹ ግዴታ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረ። ሰውዬውም ከስቅላት ዳነ።

የጅቡቲ ሕግ ግን ሥሩ ከፈረንሳይ ነው። ፈረንሳዮች የችሎቱ ሰብሳቢ ነገሩን ለጁሪ ማጠቃለሉን፥ ለከሳሹ ያደላል ተብሎ ስለ ታማ፥ በ1881 እ.ኤ.አ. አስቀሩት። ከ1941 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዳኞችና ጁሪዎች አብረው በምሥጢር ይመክራሉ። በዚህም የዳኛው ቃል ከችሎት ጆሮ ተሰወረ። በእነዚህ ችሎቶች ፍርድ ላይ ነገሩን እንደ ገና የሚያሰማ ይግባኝ የተፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሲሆን፥ የፍርዱ ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ የታዘዘውም በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ነጻ ስለ ወጣች፥ ይህ የኋላ ማሻሻያ በራሱ ወደ እርስዋ አይተላለፍም፤ የራስዋን ሕግ መመርመር ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ፥ በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ለዳኛ ሰጠ፤ በቁጥር 149ም ዳኛው ማስረጃውን የተቀበለበትን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት በፍርዱ እንዲጽፍ አዘዘ።

መንገዱ ሦስት ቢሆንም ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ዳኛም ሰው ነውና ይሳሳታል። ስሕተቱ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ምልክት ካልተወ፥ የይግባኝ መብት ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።