አውቶቡሱና ፈንክሽኑ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። 4ቀ = 60 ብዬ ስሰጣቸው ወዲያው ይፈቱታል፤ ያንኑ በዓረፍተ ነገር ስጽፈው ግን እርሳሱ ይቆማል።

ስለዚህ መጽሐፉን አስዘጋና የከተማችንን አውቶቡስ፣ ኮታን፣ አነሳለሁ። አንድ ጉዞ 2 ዶላር ነው። በካርድ ወይም በስልክ ለሚከፍል ጣሪያ አለው፤ በቀን ከ4.50፣ በወር ከ62 ዶላር በላይ አይቆረጥበትም። እናት ለሥራ በቀን ሁለቴ ብትሳፈር በወር ስንት ትከፍላለች?

መጀመሪያ ላልታወቀው ስም እንስጠው፤ የሥራ ቀኖቹ ብዛት ቀ ይሁን። በየቀኑ 4 ዶላር ስለሚወጣ ክፍያው 4ቀ ነው። ፈንክሽን ማለት ይኸው ነው፤ የቀን ብዛት ስታስገባበት ዶላር ይነግርሃል። ለ10 ቀን 40። ለ22 ቀንስ?

«88!» ይላሉ ተሽቀዳድመው። ጣሪያውን ረስተውታል። 4 × 15 = 60፤ በ16ኛው ቀን ጠዋት 2 ዶላር ሲጨመር 62 ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ ነጻ ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ ሁለት ቁራጭ አለው፦ እስከ 15 ቀን 4ቀ፣ ከ16 ጀምሮ ምንጊዜም 62። እናት 26 ዶላር ተረፋት ማለት ነው።

ምልክቱ የሚከብዳቸውን ልጆች የአልጀብራ ሊቁን አልኽዋሪዝሚን አስታውሳቸዋለሁ፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ተቀምጦ የውርስ ክፍፍልን ሳይቀር ያለ አንድ ምልክት፣ በቃላት ብቻ ነበር የሚፈታው። እኛ ዕድለኞች ነን።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲቸገር መልሱን አትንገሩት። አስቀድሞ ጥያቄውን በራሱ አንደበት፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ያስረዳችሁ።