ቀልብን የሚሰበስበው የትንፋሽ ፍሬን

«አእምሮህን በ21 ቀን ቀይር።» ይህች ዓረፍተ ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር ዓመታት አልፈዋል። በመርካቶ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉ ሱቆች፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ስልኩን የሚነካካ ወጣት ነጋዴ አንዴ በአጭር ቪዲዮ፣ አንዴ በቴሌግራም ድምፅ ደጋግሞ ያገኛታል። ብቻዋንም አትመጣም። «8 ሳምንት ሜዲቴሽን የአንጎልን ቅርጽ ይለውጣል» እና «በጎ በጎውን ካሰብክ ሀብት ወደ አንተ ይሳባል» የሚሉ ሁለት ጓደኞች አሏት። ሦስቱም የሳይንስ ካባ ደርበው ይዞራሉ፤ ሦስቱም መታረም አለባቸው።

የ21 ቀኑ ታሪክ አጭር ነው። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። የአንድ ሐኪም ትዝብት ነበር። «ቢያንስ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ወደቀች፤ ትዝብቱም ሕግ ሆኖ ቀረ። ልማድ እንዴት እንደሚተከል በእርግጥ የለካችው ፊሊፓ ላሊ ናት። እሷና የለንደን ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የ96 ሰዎች ጥናት፣ አዲስ ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። በ22ኛው ቀን አሁንም የሚታገል ሰው ሰነፍ አይደለም፤ የተሳሳተ ቁጥር ተነግሮታል።

የአንጎል ቅርጹም ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ አሜሪካዊ ጥናት፣ የ8 ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ 16 ሰዎችን አንጎል በኤምአርአይ አንስቶ ለውጥ ማየቱን ገለጸ። አሥራ ስድስት ሰው! እ.ኤ.አ. በ2022 የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ያንኑ ዓይነት ሥልጠና በ218 ሰዎች ላይ ሲመረምሩ፣ በአንጎል አወቃቀር ላይ ሥልጠናው ያመጣው ለውጥ አላገኙም። የመጀመሪያው ዜና ዓለምን ዞረ፤ ሁለተኛው በአማርኛ ከነጭራሹ የተነገረም አይመስልም።

ሦስተኛው ወሬ ግን ሰው ይጎዳል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎች ንብረት ወድሟል። «ሰው የሚያስበውን ይስባል» የሚለው ትምህርት እስከ ጫፉ ከተኬደ፣ እነዚያን ሰዎች «እሳቱን የጠራችሁት እናንተ ናችሁ» ማለት ነው። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ በተጎዳ ሰው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ሸክም ነው። ምርምሩ የሚያሳየውም ተቃራኒውን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብሪየል ኦቲንገን ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ስትከታተል፣ ሥራ አግኝተው የመኖርን ጣፋጭ ምናብ አዘውትረው ያጣጣሙት ከሌሎቹ ያነሰ ማመልከቻ አስገብተው፣ ያነሰ የቅጥር ጥሪ ደርሷቸው፣ ያነሰ ደመወዝ አገኙ። ምናቡ ድካሙን ቀድሞ ይበላዋል። በካናዳም ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ለራስ መደጋገም ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸውን ሰዎች ይብሱን ያስከፋቸዋል።

ታዲያ ሁሉም ከንቱ ነው? አይደለም። ከጩኸቱ ሥር ትንሽ ግን ጠንካራ እውነት አለ፤ እሱም ከሐሳብ ይልቅ ወደ ትንፋሽ የቀረበ ነው።

ወደዚያ ከመግባት በፊት ስለ ልምምዱ የአማርኛ ስም ጥቂት ማለት ግድ ይላል። ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ሆስፒታል የጀመረውን የሜዲቴሽን ልምምድ ብዙዎች በአማርኛ «ተመስጦ» ይሉታል። ይህ ያሳስታል። የተመሰጠ ሰው ካለበት ተነጥቆ ሄዷል፤ ልምምዱ የሚፈልገው ግን ሰው ባለበት እንዲገኝ ነው። «ንቁ ህሊና» የሚለውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸታል። መርካቶ ከሁለቱም የተሻለ ቃል አለው፦ ቀልብ መሰብሰብ። ቀልብ በዐረብኛ ልብ ማለት ነው፤ አማርኛ ወስዶ ትኩረት አደረገው። ቀልቡ የተሰበሰበ ነጋዴ ሒሳብ አይሳሳትም፤ ቀልቡ የተገፈፈ ሰው የያዘውን ይጥላል። ቃሉ ልብንና ትኩረትን በአንድ ሥር ማሰሩ ደግሞ፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ የሰውነትን አሠራር በትክክል ይገልጻል።

የልብ ምት ማመንጫ ማንም ካልነካው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታል። ጤናማ ሰው አረፍ ብሎ ሲቀመጥ ግን ምቱ ከ60 እስከ 80 ገደማ ነው። ቀሪውን ማን ያዘው? ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ከ12ቱ ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች 10ኛው ነው። ጭነት የሞላ አይሱዙ ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አያነሳም፤ ጫን ለቀቅ እያደረገ ይወርዳል። ቬገስም ልብን የሚይዛት እንዲሁ ነው። የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ለዚህ ምስክር ናቸው፦ ነርቩ ስለተቆረጠ አዲሱ ልባቸው ተቀምጠውም በደቂቃ ከ90 በላይ ይመታል። ፍሬን የለውም።

ፍሬኑ በምን እንደሚሠራ ያሳየው ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921፣ በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ። የአንድ እንቁራሪት ልብ ፈሳሽ ውስጥ እየመታ ሳለ ቬገሱን በኤሌክትሪክ ቀሰቀሰው፤ ምቱ ዘገየ። ከዚያ ፈሳሹን ወስዶ ነርቩ ያልተነካ ሌላ ልብ ላይ አፈሰሰው። ያኛውም ዘገየ። ስለዚህ ነርቩ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ በኬሚካል የተጻፈ ነበር፤ ዛሬ አሴቲልኮሊን ይባላል። ሎዊ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ትንፋሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰው አየር ሲስብ አንጎል ፍሬኑን ያላላል፤ ሲያስወጣ መልሶ ይጫናል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጣቱን የእጁ አንጓ ላይ አድርጎ በዝግታ የሚተነፍስ ሰው፣ በመሳብ ጊዜ ምቱ ሲፈጥን፣ በማስወጣት ጊዜ ሲዘገይ ይሰማዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያገኝ ልቡ የታመመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በተለይ በወጣቶች ዘንድ የጤና ምልክት ነው።

ከዚህ ጎን ሌላ ዑደት አለ። በአንገት ደም ቅዳና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ፣ መለጠጥን የሚለኩ የነርቭ ጫፎች ተተክለዋል። ሥራቸው ታንከር ሲሞላ ውሃውን እንደሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ለአንጎል ያሳውቃሉ፤ አንጎል ቬገስን ያዝዛል፤ ልብ ትዘገያለች፤ ግፊቱ ይወርዳል። ሲወርድ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሆናል። መልእክቱ ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ዑደቱ የራሱ ምት አለው፦ 10 ሰከንድ ያህል።

አሥር ሰከንድ ማለት በደቂቃ 6 ጊዜ ነው። አዋቂ ሰው ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንፋሹን ወደ 6 ካወረደው ሁለቱ ዑደቶች ይገጥማሉ። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን የሚገፋ ሰው ባሰኘው ሰዓት አይገፋም፤ ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ ጫፍ ሲደርስ ብቻ ይገፋል፤ ያኔ በትንሽ ጉልበት ገመዱ ሩቅ ይሄዳል። በዝግታ የሚተነፍስ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል፦ መሳቡ ያፈጠነው ልብ የደም ግፊቱን ከፍ አድርጎ የግፊት ዳሳሾቹ «ፍሬን ያዝ» በሚሉበት ቅጽበት፣ እሱ አየሩን ማስወጣት ይጀምራል። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ይገፋል። የልብ ምት መዋዠቅ ይሰፋል፤ የግፊት መቆጣጠሪያውም ይነቃል።

አሁን ወደ አንዋር መስጊድ በር መመለስ ይቻላል። እዚያ ከሽቶና ከቆብ ጋር ሙስበሃ ይሸጣል፤ 33 ወይም 99 ፍሬ ያለው። ብዙም ሳይርቅ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ምእመናን በመቁጠሪያቸው 41 ጊዜ እግዚኦ ይላሉ። ሁለቱ እምነቶች በፍሬ የታገዘ፣ የሚደጋገም፣ ድምፅን ዝቅ ያደረገ ጸሎት አላቸው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጥናት፣ 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን እየተቀባበሉ፣ ከዚያም የዮጋ ድግም እያሰሙ ትንፋሻቸውና የልብ ምታቸው ተለካ። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሹ ማንም ሳያዝዝ በደቂቃ ወደ 6 ወረደ፤ የግፊት መቆጣጠሪያውም ይበልጥ ንቁ ሆነ። የጸሎቱ አንድ ዙር ከ10 ሰከንዷ ጋር ይገጥማል።

ይህ ጥናት ዚክርን ወይም እግዚኦታን አልለካም፤ በሙስበሃ ላይ አንዳንዱ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ፍሬ ያሳልፋል። አማኝ የሚቆጥረውም ለደም ግፊቱ ብሎ አይደለም፤ ለፈጣሪው ነው። ሳይንስ እዚህ መናገር የሚችለው ስለ ሳንባና ስለ ደም ቅዳ ብቻ ነው።

ከልብ አልፎ ወደ ስሜት መሻገሩ ላይ ነገሩ ይከርራል፤ ተመራማሪዎችም የሚከራከሩት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የአይጦች የትንፋሽ ምት ማመንጫ ውስጥ 175 ገደማ ሴሎች ወደ አንጎል የንቃት ማዕከል እንደሚያወሩ ታየ፤ ሴሎቹ ሲወገዱ አይጦቹ እንግዳ በሆነ መንገድ ረጋ አሉ። ግን አይጥ ሰው አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2023 በስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሥራ፣ በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ረጅም አወጣጥ ያለው ትንፋሽ የተለማመዱ ሰዎች መንፈስ፣ ሜዲቴሽን ከተለማመዱት የበለጠ ተሻሻለ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በእንግሊዝ 400 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ በደቂቃ 5 ተኩል፣ ግማሾቹ 12 ጊዜ እንዲተነፍሱ ተደረገ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ተሻሽለው ነበር፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልታየም። ምናልባት የጠቀማቸው ፍጥነቱ ሳይሆን በየቀኑ 10 ደቂቃ አረፍ ብሎ ቀልብን ትንፋሽ ላይ መጣሉ ይሆናል። ምናልባትም የተሻለ ነገር መጠበቃቸው። የልብና የግፊቱ ዑደት በሚገባ የተለካ ነው፤ ከዚያ ወደ መረጋጋት የሚወስደው ድልድይ ግን ገና እየተሠራ ነው።

ስለ ሜዲቴሽን ራሱም ሚዛኑ ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ግምገማ 47 ሙከራዎች፣ 3,515 ሰዎች ተደምረው ታዩ። ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም ስሜት መጠነኛ ጥቅም ተገኘ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልተገኘም። መጠነኛ ጥቅም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ተአምር ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

በጎ አመለካከትን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ራሷ ከብዙ ቪዲዮ የሚበልጥ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎቹ ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ስዩም ጣፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ውስጥ ባሉ መንደሮች ሙከራ አደረጉ። በዕጣ የተመረጡ ገበሬዎች፣ እንደነሱ ባለ ኑሮ ተነስተው በራሳቸው ጥረት የተሻሻሉ ሰዎችን የሚያሳዩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ተመለከቱ። ሌሎች የመዝናኛ ፕሮግራም ብቻ አዩ፤ ሌሎች ምንም አላዩም። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢ ፊልሞቹን ያዩት የበለጠ ቆጥበው፣ ልጆቻቸውንም በብዛት ትምህርት ቤት አስገብተው ተገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። ፊልሞቹ «አስበው፣ ይሆናል» አላሉም። ጎረቤት የሚመስል ሰው ምን እንቅፋት እንደገጠመው፣ በምን እንዳለፈው ነው ያሳዩት። ከኦቲንገን ጣፋጭ ምናብ የሚለያቸውም ይኸው ነው፤ እንቅፋቱ ከሥዕሉ አልተፋቀም።

ሱቁ ውስጥ ለተቀመጠው ወጣት ነጋዴ ሒሳቡ ይህ ነው። በአንድ ፍሬ አንድ ዘገምተኛ ትንፋሽ ቢይዝ፣ 33 ፍሬ 5 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ክፍያ የለውም፤ ስልክም አይፈልግም። ማዞር ከተሰማው ይተወው። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቀው፣ ምግብ ካስጠላው፣ ወይም መኖር ትርጉም ካጣበት ደግሞ ፍሬ መቁጠሩን ሕክምና አያድርገው፤ የ21 ቀን ቪዲዮም እስኪያልቅ አይጠብቅ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለው እዚያው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ ነው።