የወንዝ ጠጠር ሥራ አለው

በበጋ በደጋ ወንዞች ዳር የተከመረው ጠጠርና አሸዋ ክረምት አምጥቶ የጣለው፣ ባለቤት የሌለው ሀብት ይመስላል። ገልባጭ መኪና ገብቶ ቢጭነው ማን ይጎዳል? መልሱን ለማግኘት ከጠጠሩ በፊት ውሃውን መመልከት ያስፈልጋል። የሚፈስ ውሃ ከጉልበቱ ከፊሉን የሚጨርሰው ጠጠር፣ አሸዋና ደለል በመሸከም ነው። ወንዙ መሐል በኤክስካቫተር ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ሸክሙን ያራግፋል። አልፎ ሲሄድ ሸክም የለውም፣ ጉልበቱ ግን አለ። ማት ኮንዶልፍ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህን «የተራበ ውሃ» ብለውታል፤ ከታች ያለውን ወለልና ዳርቻ እየበላ ይሄዳልና። ከጉድጓዱ በላይ በኩል ደግሞ ውሃው ከአፋፉ ወደ ታች ሲወርድ አፋፉን ይንዳል፤ ንደቱም ዓመት በዓመት ሽቅብ ይጓዛል። ስለዚህ ጠጠር ከተጫነበት ቦታ ርቆ የቆመ ድልድይ መሠረቱ ሊራቆት ይችላል። በፖርቱጋል የዶውሮ ወንዝ ላይ የነበረው የሂንትዝ ሪቤይሮ ድልድይ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2001 ማታ አንድ ምሰሶው ተደርምሶ ወደቀ። ይሻገሩ የነበሩ አንድ አውቶቡስና መኪኖች ወንዝ ገብተው 59 ሰዎች ሞቱ። መሠረቱን ያዳከመው ለዓመታት የተካሄደ የአሸዋ ቁፋሮ ነበር፤ የዚያ ሰሞን ጎርፍ የጨረሰው ቀድሞ የተጀመረውን ነው።

ድልድይ ሲወድቅ ሁሉም ያያል። የጉድጓድ ውሃ ሲሸሽ ግን የሚያውቀው ውሃ ቀጂው ብቻ ነው። የወንዙ ወለል ዝቅ ባለ ቁጥር በዳርቻው መሬት ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ወንዙ ይንጠፈጠፋል፣ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶችም ከበጋው ማብቂያ በፊት ይደርቃሉ። ወንዙ ውስጥ ያለው አሸዋ ራሱ ውሃ ያዥ ነው፤ በቆላ አካባቢ ላዩ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ተጭሮ ውሃ የሚቀዳው ለዚህ ነው። የጣና ሐይቅን ዓሣ ደግሞ እንውሰድ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ በርካታ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ሐይቁ ውስጥ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ንጹሕና አየር የሚያገኝ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ ከተነሣ ወይም ቁፋሮው ያስነሣው ጭቃ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ከደፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ይህ የዓሣ አስጋሪውም ጉዳይ ነው።

«ክረምት በመጣ ቁጥር ጉድጓዱ ይሞላ የለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ የብዙዎች ነው፣ ከባድም ነው። አዎ፣ ይሞላል። የሞላው ግን ከየት መጣ? ከላይኛው ወለልና ከገበሬው ማሳ ዳርቻ ተንዶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የጉድጓዱ መሙላት ብቻውን ወንዙ የተወሰደበትን ለመተካቱ ማስረጃ አይሆንም። የደጋው መሬት እየተሸረሸረ ስለሆነ ወንዞቻችን ደለል ሞልቷቸዋል የሚለውም እውነት ነው። ግን አብዛኛው ደለል ደቃቅ አፈር ነው፤ የጠጠርን ሥራ አይሠራም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚገምተው ዓለም በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል፤ ቤት፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ያለ እነዚህ አይሠራም። ተደራጅተው በአካፋ አሸዋ ከሚጭኑ ወጣቶች ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ስለዚህ የጅምላ እገዳ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ሥራውን ወደ ሌሊት ከመግፋት በቀር የሚፈይደው የለም። ጥያቄው ከየት፣ በምን ጥልቀትና ምን ያህል የሚለው ነው። በበጋ ከውሃው ከፍታ በላይ ከቀረ ክምር በስሱ መግፈፍና ወለሉን በማሽን መቦርቦር እኩል ጉዳት የላቸውም። ለኮንክሪት የሚሆን ጠጠር ደግሞ ወንዝ ሳይነካ ከካባ በክሬሸር ሊገኝ ይችላል፤ ጥቁር ድንጋይ ደጋው ላይ ሞልቷል። ይወደዳል ለሚል፣ የወንዙ ጠጠር የረከሰው የድልድዩና የደረቀው ጉድጓድ ዋጋ በደረሰኙ ላይ ስለማይጻፍ ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ቆይቷል። የጎደለው በየወንዙ የሚደረግ ልኬት ነው። ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የወንዙን ወለል ከክረምት በፊትና በኋላ ይለካ፤ ዝቅ እያለ ከሄደ ፈቃዱን አያድስ። አንባቢም በበጋው መጨረሻ በአካባቢው ያለውን ድልድይ ቀረብ ብሎ ይመልከት፤ ቀድሞ ተቀብሮ የነበረ የምሰሶ መሠረት ከተገለጠ ክረምቱ ሳይገባ ለወረዳው ያሳውቅ።