የሙታን መዝገብ ለሕያዋን ስለሚሰጠው ጥቅም

ሰው ሲሞት ዘመድ በስሙ ያለቅሰዋል፤ ሐኪም ግን ከስሙ ጋራ ዕድሜውን፣ የኖረበትን ሰፈርና የገደለውን በሽታ ይጠይቃል። ይህ ኹሉ በአንድ መዝገብ ሲሰበሰብ፣ በየቤቱ ለየብቻው የገባ የመሰለው ሞት በአንድ በር የገባ መኾኑ ይገለጣል።

ለዚህ ነገር የሎንዶን ከተማ ምስክር ናት። በእንግሊዝ አገር ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. ሲኾን፣ ዊሊያም ፋር የሚባል ሰው ቍጥሩን እየመረመረ ያስታውቅ ነበር። በ1854 ዓ.ም. በሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት በሽታው ከክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን የሟቾቹን ቤት ከመዝገብ አውጥቶ ቢከታተል፣ አብዛኞቹ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ካለው የውሃ ፓምፕ አጠገብ የኖሩ ኾነው ተገኙ። በዚያው አቅራቢያ በነበረ የድኾች ማደሪያ ግን ከ535 ሰዎች የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ ቤቱ የራሱ ጕድጓድ ነበረውና። ስለዚህ ሹማምንቱ የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ። በሽታው አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ቢኾንም፣ የሞት መንገዱ ውሃ እንደ ኾነ የታወቀው በመዝገብ ነው።

መዝገብ በሌለበት ግን መከራው በግምት ይቀራል። በኢትዮጵያ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ በኋላ ተገመተ። በየትኛው መንደር ስንት ሕፃንና ስንት ጐልማሳ እንደ ሞተ የሚነግር የተሟላ መዝገብ ግን አልነበረም።

የሐዋሳ ከተማም በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ስለ ኾነች፣ ረግረግ ባለበት ስፍራ የወባ ትንኝ ይራባል። በከተማው ያሉ ዕድሮች ለቀብር ገንዘብ ሲከፍሉ የሟቹን ስም ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ይህ ለሒሳብ እንጂ ለጤና ጥበቃ አይበቃም። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ሥራውም በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ተጀመረ።

ቍጥሩ ከተገኘ በኋላ ማመዛዘን ያስፈልጋል። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ከ2000 ሰዎች በዓመት 20 ቢሞቱ፣ በሌላው ከ500 ሰዎች 10 ቢሞቱ፣ የፊተኛው ሟች በቍጥር ይበዛል፤ ነገር ግን ከሺህ ሰው በፊተኛው 10፣ በኋለኛው 20 ይሞታልና የበለጠ የተጐዳው ኋለኛው ነው። ደግሞም ሽማግሎች የበዙበትን ቀበሌ ወጣቶች ከበዙበት ጋራ ለማስተያየት፣ ዕድሜን ለይቶ መቍጠር ይገባል።

እንግዲህ አስተማሪ ይህን ስሌት ለተማሪዎቹ ቢያስተምር፣ ሽማግሌም ሐዘንተኛውን ሞቱን እንዲያስመዘግብ ቢመክር፣ ኹለቱም የሐኪም ረዳቶች ናቸው። ሳይጻፍ የተቀበረ ሕፃን ለወላጆቹ ሐዘን ብቻ ይተዋል፤ የተጻፈው ግን ለታናሽ ወንድሙ ጠባቂ ይኾነዋል።