ባልጩት፦ የቀደምቶቻችን ስለት

ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ቅልጥ አለት ድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ቅዝቃዜው ስለሚፈጥን በውስጡ ቅንጣት የሚሠራበት ፋታ አያገኝም። የሌላው ድንጋይ ቅንጣት የምቱን ኃይል ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፤ ባልጩት ግን እንደ ጠርሙስ ስለሚሰበር፣ እጁ የሠለጠነ ሰው ፍንካቹን በፈለገው ቅርጽ ያወጣዋል። ጠርዙ ከብረት ምላጭ ይሳላል።

ድንጋይ መምረጥ ግን ከባልጩት ይቀድማል። አፋር ውስጥ ጎና ላይ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሣሪያ የሠሩት ቀደምቶች ከወንዝ ዳር ያገኙትን ሁሉ አላነሡም፤ ቅንጣቱ የደቀቀውን ለይተው ወስደዋል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ደግሞ የባልጩት አገር ነው። የባልጩቱ መፍለቂያ ባልጪት ቅርቡ ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2024 አብረው በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እዚያው ስምቢሮ በተባለው ቦታ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ካስቆጠረ ንብርብር 578 የድንጋይ መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ከሦስቱ በቀር ሁሉም ባልጩት ናቸው! ባልጩት ተሰባሪ ስለሆነ ትልቅ የእጅ መጥረቢያ ማውጣት ከባድ ነው፤ ምቱ ትንሽ ከበረታ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ዓይነት መጥረቢያ ደጋግመው አውጥተውበታል። ሙያ የሚሉት ይህን ነው።

አጥንትም ቢሆን አልቀረም፤ ኮንሶ ውስጥ 1.4 ሚሊዮን ዓመት የሆነው፣ ከጉማሬ ጭን አጥንት የተጠረበ የእጅ መጥረቢያ ተገኝቷል። እንጨቱ ግን ስለሚበሰብስ፣ ከዚያ ዘመን የእንጨት ሥራ የተረፈን ኢምንት ነው።

ሙያው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በደቡብ ኢትዮጵያ ባልጩትና ሌላ ጠንካራ ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተጠንተዋል። ድንጋዩን በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ያጣብቁታል፤ ሲደንዝ ጠርዙን ቆርሰው ያድሱታል፤ መያዣ እስኪያጣ ካነሰ በኋላ ነቅለው ሌላ ይተክላሉ። በጋሞ ፋቂዎቹ ወንዶች ናቸው፤ በኮንሶ ግን ድንጋዩን የሚመርጡትም፣ የሚጠርቡትም፣ ቆዳውን የሚፍቁትም ሴቶች ናቸው። የጥንት ድንጋይ ጠራቢ ሁሉ ወንድ ነበር ብለው ለሚያስቡ ተመራማሪዎች የኮንሶ ሴቶች ትልቅ ተቃራኒ ማስረጃ ሆነውባቸዋል።