አኮፋዳ በአርሊንግተን

«ይህ ልመና አይደለም፤ ሰውን የአገልግሎቱ ተካፋይ ማድረግ ነው።» ሚሲዮናዊ ሊሆኑ የሚዘጋጁ ወጣቶች አሜሪካ ውስጥ በሚወስዱት ሥልጠና ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰሙት ሐሳብ በአማርኛ ሲነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ፣ «ልመና አይደለም» ተብሎ የተጀመረ ነገር ሐበሻ ጆሮ ሲደርስ ያው ልመና ሆኖ መድረሱ ነው። ልጅ ሥልጠናውን ጨርሶ አርሊንግተን ቤቱ ሲገባ እናቱ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ ደመወዝህን የሚከፍልህ ማነው?» ደመወዝ የለም። ያለው ራሱ ዞሮ የሚያሰባስበው ድጋፍ ነው። በዲያስፖራው አማርኛ «ሳፖርት ሬይዝ እያደረግሁ ነው» ይባላል። ቃሉን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው የጠፋው ሰነፎች ስለሆንን አይመስለኝም፤ ሲመለስ ስለሚያሳፍር ነው።

አርሊንግተን በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የተዘረጋች፣ በ2020 ቆጠራ 394 ሺህ ያህል ሰው የተመዘገበባት ከተማ ናት። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መደበኛ የከተማ አውቶቡስ የሌላት ትልቋ የአሜሪካ ከተማ እየተባለች ለዓመታት ተወርቶባታል፤ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በስልክ የሚጠሩ ቫኖች ገብተውላታል። ይህ ለሌላው ተራ ወሬ ነው። ድጋፍ ለሚያሰባስብ ሰው ግን ሥራው ግማሹ መንዳት ነው። ሐበሻው በብዛት ያለው በዳላስ ሰሜንና ምሥራቅ፣ በተለይ በጋርላንድ በኩል ነው። ከአርሊንግተን እዚያ ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ሰው ደግሞ ከሥራ የሚወጣው አውራ ጎዳናው በሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። የሌሊት ፈረቃ ያለበት ቤተሰብ ቀጠሮ ቢሰጥ እንኳ የሚሰጠው ከእንቅልፉ ቆርሶ ነው።

ሒሳቡን እንየው። እንበል፣ አንድ ላጤ ወጣት የላከው ድርጅት «ከመሄድህ በፊት በወር 4,500 ዶላር ቃል የተገባልህ መሆን አለበት» አለው። የቤት ኪራይ፣ የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የጡረታ ቁጠባ አለበት፤ ድርጅቱም ለቢሮ ሥራው ከመቶ አሥር አካባቢ ይቀንሳል። አንድ ቤተሰብ በአማካይ 75 ዶላር ቢሰጥ 60 ቤተሰብ ያስፈልገዋል። ከሦስት ተጠያቂ አንዱ እሺ ቢል 180 ቤት ማንኳኳት አለበት። በሳምንት ሦስት ቀጠሮ ካገኘ 60 ሳምንት፣ ማለትም ከዓመት በላይ ነው። ቁጥሮቹ እኔ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ግን ድጋፍ ሲያሰባስብ የከረመ ሰው ቢያያቸው «ከሦስት አንዱ እሺ የሚል ማኅበረሰብ ከየት አገኘህ?» ብሎ የሚስቅብኝ ይመስለኛል።

ስድሳው ሞላ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። አንዱ ከሥራ ይቀነሳል፣ አንዱ ወደ ሂውስተን ይዛወራል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይቀይራል፣ አንዱ የባንክ ካርዱ ሲለወጥ ወርኃዊ ክፍያው መቋረጡን ሳያውቀው ይቀራል። ሚሲዮናዊው በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ቋንቋ በመማር ነው የሚያልፈው፤ ለሰጪ የሚተረክ ነገር የለም። ምንም ያልተፈጠረበትን ወር ምንም አልተፈጠረም ብሎ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። ደብዳቤው ቀስ በቀስ ሰጪ የሚወደውን ይመስላል፦ የሕፃናት ፎቶግራፍ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የተፈወሰ በሽተኛ።

ሰጪ የሚወደውን ብቻ ሲሰጥ የሚመጣውን ጣጣ ከእኛ መካከል ቀደም ብላ በጽሑፍ ያነሳችው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመራት ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1972 ይህችው መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ ምዕራባውያን ለልማት እጃቸው ሲፈታ ለወንጌል ሥራ መቆጠባቸው ሰውን ለሁለት የሚከፍል ነው የሚል ነበር። ዛሬ በአርሊንግተን አንድ ካፌ ውስጥ የድጋፍ ቅጽ ይዛ የተቀመጠች ልጅ ያንኑ ክርክር ለብቻዋ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ትከራከራለች።

ግለሰብ ለራሱ ድጋፍ የሚያሰባስብበት ይህ መንገድ ዕድሜው ከሚመስለን አጭር ነው። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ራሱን ችሏል፤ ከፊልጵስዩስ ሰዎች ግን ስጦታ ተቀብሏል፤ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍም ወደ እስፓንያ በሚሄድበት ጊዜ እንዲረዱት ተስፋ ማድረጉን አልደበቀም። በ19ኛው መቶ ዘመን ጆርጅ ሙለር ብሪስቶል ላይ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሲያሳድግ፣ ሐድሰን ቴይለርም በ1865 የቻይና የውስጥ አገር ሚሲዮንን ሲመሠርት፣ ገንዘብ ከሰው እንደማይጠይቁ ወሰኑ። ለእግዚአብሔር ብቻ እንነግራለን አሉ። (ሙለር ግን በየዓመቱ ሪፖርት ያሳትም ነበር። አልለምንም ብሎ ሪፖርት ማሳተም ምን እንደሚባል ለአንባቢ እተወዋለሁ።) በ1893 ጎዋንስ፣ ኬንትና ቢንግሃም የሚባሉ ሦስት ወጣቶች ትልልቆቹ ሚሲዮኖች አንልካችሁም ስላሏቸው በራሳቸው ሌጎስ ደረሱ። በዓመት ገደማ ውስጥ ሁለቱ ሞቱ። የሦስቱ ጅምር በኋላ ኤስአይኤም የተባለው ሚሲዮን ሆኖ ወላይታ ድረስ መጣ፤ እመለስበታለሁ። ዛሬ የምናውቀው ፊት ለፊት ተቀምጦ «በወር ይህን ያህል ትሰጠኛለህ?» የሚለው መንገድ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1951 እንደተመሠረተው ካምፐስ ክሩሴድና በ1960 እንደጀመረው ዋይዋም ባሉ እንቅስቃሴዎች ነው። ዋይዋም ውስጥ ወጥ ሠሪዋም ሒሳብ ሠራተኛውም የየራሳቸውን ድጋፍ ያመጣሉ።

የሚገርመው፣ አርሊንግተን ያለችው የሌላኛው መንገድ ማዕከል አጠገብ ነው። ጎረቤቷ ፎርት ወርዝ ውስጥ ከ1910 ጀምሮ የደቡብ ባፕቲስቶች ትልቅ ሴሚናሪ አለ። ደቡብ ባፕቲስቶች ሚሲዮናዊ ዞሮ እንዲለምን አይፈልጉም። በ1888 ቻይና የነበረችው ሚሲዮናዊት ሎቲ ሙን በላከችው ማሳሰቢያ ሴቶቹ ለገና ከ3,300 ዶላር በላይ አዋጡ፤ ሦስት ሚሲዮናውያን የሚልክ ገንዘብ ነበር። በ1925 ደግሞ የትብብር ፕሮግራም የሚባለውን አቋቋሙ፤ አጥቢያዎች አንድ ቋት ውስጥ ያስገባሉ፣ ሚሲዮናዊው ከቋቱ ይከፈለዋል። ቲሊ በርጂን ከባለቤቷ ጋር በዚህ መንገድ አሥር ዓመት ያህል ደቡብ ኮርያ አገልግላለች። በ1986 ግን እዚሁ አርሊንግተን ውስጥ፣ በራሷ ከተማ ድሆች መካከል፣ ሚሽን አርሊንግተን የሚባለውን ሥራ ስትጀምር ሥራው የቆመው በዚያ ቋት ላይ አልነበረም። ምግብ፣ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ በየአፓርታማው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፤ ሁሉም በለጋሾችና በበጎ ፈቃደኞች ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት በአንድ ዕድሜ ከቋቱም ከለጋሾችም ጋር ሠርታለች።

ቋቱም ቢሆን ጉድ አለው። በ2015 የደቡብ ባፕቲስቶች የውጭ ሚሲዮን ቦርድ ከ2010 ጀምሮ ካገኘው በላይ 210 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን ገለጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1,100 በላይ ሚሲዮናውያንና ሠራተኞች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ብዙዎቹ ለረጅም ዓመታት ባሕር ማዶ የኖሩ ናቸው። ስድሳ ቤተሰብ የያዘ ሚሲዮናዊ አምስቱ ቢለቁት ይጎዳል እንጂ በአንድ ቀን ደብዳቤ ወደ አገሩ አይመለስም። ይህን ለግል ድጋፍ መንገድ ክብር ስል መናገር አለብኝ።

ታዲያ ሐበሻውን የሚሰብረው ምኑ ነው? ሐበሻ አይሰጥም የሚል ሰው በዳላስ አካባቢ አንድ የፈንድ ሬይዚንግ ምሽት አልተገኘም። ዶሮ ወጥ ተበልቶ፣ መድረክ መሪው ማይክ ይዞ፣ አንድ ዳቦ ለጨረታ ቀርቦ ሺህ ዶላር ሲሻገር ሰው እልል ይላል። «ዜል አድርጉ»፣ ማለትም በስልክ ላኩ፣ ሲባል ስልኩ ሁሉ ይበራል። ያው ሺህ ዶላር የጮኸው ሰውዬ ካፌ ውስጥ አንዲት ወጣት ፊቱ ተቀምጣ 75 ዶላር በወር ስትለው ግን ይደነግጣል። እሷም ትደነግጣለች። እምቢ ካለ በሚቀጥለው እሑድ ዓይን ለዓይን እንዴት ይተያያሉ? እሺ ካለስ በልቡ ወድዶ ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞት? ይሉኝታ የያዘው እሺታ ሦስት ወር አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አይነሳም።

ሌላም ነገር አለ። የሐበሻ ገንዘብ የሚፈስበት አቅጣጫ ይታወቃል፤ ወደ አገር ቤት ነው። የእናት መድኃኒት፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ እድር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ብድር። በሱዳን ወይም በኬንያ መጠለያ አልፎ የመጣ አባት ልጁ ነርስ ሆና ወደዚያ ወንዝ ውኃ እንድትጨምር ሲጠብቅ፣ እሷ ከወንዙ ልትቀዳ ጣሳ ይዛ ትመጣለች። አባትየው ወንጌል ጠልቶ አይደለም የሚቆጣው። የሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ሳሙኤል ፔሪ በ2012 ባሳተመው ጥናት ይህ የግል ድጋፍ አሰባሰብ ነጭ ያልሆኑ አገልጋዮችን ከወንጌላውያን ድርጅቶች እንዴት ወደ ውጭ እንደሚገፋ አሳይቷል፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ገንዘብ ያንሳቸዋል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ አሰጣጥም ልማድ የላቸውም። ድርጅቶቹ ግን ሳይሞላ የቀረውን ቁጥር ብዙ ጊዜ የእምነት መለኪያ ያደርጉታል። ይህን አልቀበልም። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚለካው የአጎትህን ልጅ ደመወዝ ነው።

ወላይታን አስታውሱ። በ1937 ጣልያን የኤስአይኤም ሚሲዮናውያንን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ተቆጥረው አገኟቸው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ደግሞ ላኪ ሆኑ፤ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ፣ ወደ ሲዳማ ወንጌላውያን ሰደዱ። ፖል ባሊስኪ የወላይታ ወንጌላውያንን ታሪክ እስከ 1975 ድረስ መጽሐፍ አድርጎ አጥንቶታል። ኤስአይኤም የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ለሠራተኞቿ በውጭ ገንዘብ እንዳትደገፍ የሚል ጠንካራ መመሪያ ስለነበረው፣ መዋጮው የገበሬ ነበር፦ በቆሎ፣ ቡና፣ ቅቤ። ወንጌላዊው በሄደበት መሬት አርሶ ይጨምርበታል፣ ሚስቱም አብራው ትደክማለች። ድህነቱ ከባድ ነበር፤ ማሳመር አልፈልግም። ግን ወንጌላዊው በየገበሬው ደጅ እየቆመ «እኔን ደግፉኝ» አላለም። የላከችው ጉባኤ ናት፤ የጠየቀችለትም እሷው።

ከዚያም ራቅ ብለን ጎጃምና ጎንደር እንሂድ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ይቆማል። የባላባት ልጅም ይሁን የድሃ፣ ቅኔ ሊማር ከአገሩ ከወጣ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። ማንም አይንቀውም፤ እንዲያውም ያልለመነ ተማሪ በደንብ እንዳልተማረ ይታሰብ ነበር። ለምን አላፈረም? የሚለምነው በራሱ ስም ስላልሆነ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይቆማል እንጂ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ዕቅዴም ይህ ነው» አይልም። የሰጠችውም ሴት ለማርያም ሰጠች፤ ያጣችውም «እመቤቴ ትስጥህ» ብላ ብትሸኘው በሁለቱ መካከል የሚቀር ቂም የለም።

ስለዚህ አለመለመዱ አይደለም የሚያሳፍረን። ልመናን ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ክብርም ሰጥተነው ነበር። የማናውቀው ሰው ለራሱ፣ በራሱ ስም፣ የራሱን ፎቶግራፍ ካርድ ላይ አትሞ መጠየቁን ነው።

ከዳላስ አካባቢ ለአገር ቤት ወንጌላዊ በየወሩ የሚልኩ ሰዎች ያለ ምንም ሥልጠና ይህን ያውቁታል። ጥቂት ሆነው ያዋጣሉ፣ አንዱ ይልካል፣ ስማቸውም አይነሳም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ፣ ቀድሞ በባንክ 5,700 ብር ገደማ የነበረው 100 ዶላር በዓመቱ መጨረሻ ከ12,000 አለፈ፤ የገበያው ዋጋ እየተከተለው ቢሄድም ለጥቂት ወራት ወንጌላዊው ቤት እፎይታ ነበር። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ሰው ወደ ውጭ የምትልክ ቤተ ክርስቲያን የሰበሰበችው ብር ዶላር ሲሆን በዓይኗ እያየች ሟሟባት።

እኔ ለአርሊንግተን ልጆች የማስበው ከሥልጠናው መጽሐፍ ውስጥ የለም። አገራችን ወንድ ልጅ ሚስት ራሱ ሄዶ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ይልካል። የአሜሪካው ሥርዓት ግን ልጁን ራሱን ጠያቂ አድርጎ ይልከዋል። ያቺን የካፌዋን ልጅ ቤቷ አስቀምጡና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋርላንድ ይንዱ። ሽማግሌ እንደምታውቁት ሲገባ አይቀመጥም። «ኧረ ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል፤ ቆሞ የማንን ልጅ፣ ወዴት፣ ለስንት ዓመት እንደሚልክ ይናገራል። ባለቤቱ እምቢ ቢል ያፈረ የለም፤ ለሽማግሌ ጊዜ ስጡኝ ማለት ወግ ነው። ግን ባለቤቱ ብልህ ከሆነ ወንበር እየሳበላቸው አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ «ለመሆኑ እናንተ ስንት ስንት ጻፋችሁ?»